የቮልስ ዲናሞ፦ ይጠገን ወይስ በአልተርኔተር ይተካ?

ጠያቂያችን ከአባታቸው የወረሱትን ባለ 1300 ሞተር ቮልስ፣ እ.ኤ.አ. የ1971 ሞዴል፣ በአዲስ አበባ በየቀኑ ለሥራ ይነዱታል። ማታ በመጨናነቅ ውስጥ ሲቆሙ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፤ ቀዩ የቻርጅ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ባትሪ ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። ያማከሯቸው መካኒክ «ይህን ዲናሞ ጥለን ማቀፊያ በይደን የሌላ መኪና አልተርኔተር እንግጠምልዎ» ብለዋቸዋል። ይስማሙ ወይስ አይስማሙ ነው ጥያቄው።

በብየዳ የሌላ መኪና አልተርኔተር መግጠምን በሚመለከት መልሴ አጭር ነው፤ አይስማሙ። ለዚህ ሞተር የተሠራ አልተርኔተር መግጠም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በየቀኑ ማታ ለሚነዳ ሰው ጥሩ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ከውሳኔው በፊት ግን መለካት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ሁለቱም የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ናቸው፤ በንግግር ሁለቱንም ዲናሞ እንላቸዋለንና እንዳያሳስት፣ ከዚህ በታች ዲናሞ የምለው መኪናዎ ላይ አሁን ያለውን አሮጌውን ዓይነት ብቻ ነው።

ብየዳውን የተቃወምኩበትን ምክንያት ላስቀድም፤ የቮልስ ባለቤት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነውና። በአብዛኛው መኪና ላይ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ቢሞት ባትሪው እስኪያልቅ እየነዱ ቤት ይገባሉ። ቮልስ እንዲህ አይደለም። የዲናሞው ዘንግ በአንዱ ጫፍ ቺንጋው (ከሞተሩ የሚመጣው ቀበቶ) የሚያዞረውን ፑሌጃ ይይዛል፤ በሌላው ጫፍ፣ በቆርቆሮው ሽፋን ውስጥ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ታስሮበታል። ራዲያተር የለም፤ ውሃም የለም። አራቱን ሲሊንደሮችና ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው ያ ማራገቢያ የሚነፍሰው አየር ብቻ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ቻርጁም ማቀዝቀዣውም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ስለዚህ እየነዱ ሳለ ቀዩ መብራት በርቶ ነዳጅ ሲሰጡም ካልጠፋ፣ ወዲያውኑ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉና የኋላውን ኮፈን ከፍተው ቺንጋውን ይዩ። ቺንጋው ከሌለ ሰፈርዎ ቅርብ ነው ብለው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን አይንዱ። በዚያች አጭር መንገድ የተቃጠለ ሞተር ሙሉ እድሳት ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከዚህ በላይ ሊቀነስበት አይችልም።

አሁን የመካኒኩን ሐሳብ በዚህ ዓይን ይመልከቱት። የቶዮታ ወይም የሱዙኪ አልተርኔተር የቮልስን ማራገቢያ የሚይዝ ዘንግ የለውም። ስለዚህ አሮጌውን ዲናሞ ማራገቢያውን እንዲይዝ ብቻ ባዶውን እያዞሩ፣ በጎን በተበየደ ብረት ላይ ሌላውን ማንጠልጠል ግድ ይሆናል። የሞተሩ ዋና ፑሌጃ አንድ ቺንጋ እንዲጎትት የተሠራ ነው፤ ሁለተኛ ቺንጋ ሲጨመርበት ጭነቱ ወደ ጎን ይስባል። የተበየደው ማቀፊያ በንዝረት ይሰነጠቃል፤ ቺንጋው ይዘላል፤ የዘለለው ቺንጋ የማራገቢያውን ቺንጋ ይዞት ሊወጣ ይችላል። መብራት ለማድመቅ ተብሎ ሞተር ለአደጋ አይጋለጥም።

ይህን ካልን ወደ ልኬቱ እንሂድ። የሚያስፈልግዎ ተራ ቴስተር ነው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ባትሪው ላይ ይለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ባትሪ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊባል የሚችል ነው። ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሱና ረዳትዎ ነዳጅ እየሰጠ ዙሩን ወደ 2,000 ያድርሰው። ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ባለው ውስጥ ካገኙ ዲናሞውም፣ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተርም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። የፊት መብራቱን አብርተው ይድገሙት፤ በዚያው ዙር ከ13 በታች መውረድ የለበትም። ከ15 በላይ ካሳየ ጥፋቱ የሬጉላተሩ ነው፤ ባትሪዎ ውሃውን እያፈላ እየጨረሰ ነውና ሁለቱ ባትሪዎች የሞቱበት ምክንያት በዚሁ ሊገለጥ ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ቀዩ መብራት ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲዞር፣ ማለትም በሚኒሞ፣ ደብዘዝ ብሎ ብልጭ ማለቱ ለዲናሞ ጤነኛ ባሕርይ ነው። ትንሽ ነዳጅ ሲሰጡ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በዚህ ምልክት ብቻ ዲናሞውን ጥፋተኛ አያድርጉት።

ቮልቱ ባትሪው ላይ አነስተኛ ከሆነ ከዲናሞው በፊት መንገዱን ይመርምሩ። ሞተሩ ፈጠን ብሎ እየዞረ፣ መብራት በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በዲናሞው የብረት አካል ላይ ያሳርፉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ ችግሩ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ፣ ላይ ነው። ቮልስ ላይ ሞተርና ካምቢዮ በላስቲክ ማረፊያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከአካሉ ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው በካምቢዮው አፍንጫ በኩል ያለው የተጠለፈ የመዳብ ማሰሪያ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ጭቃና ዝናብ የበላውን ይህን ማሰሪያ ማንም አያስታውሰውም። ሲበላሽ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይደክማል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ኤሌክትሪኩም መመለሻ ሲያጣ በነዳጅ መስጫው ሽቦ በኩል ሳይቀር ይመለሳል፤ ሽቦው ግሎ የተገኘባቸው መኪናዎች አሉ። አዲስ ማሰሪያ ርካሽ ነው፤ ሁለቱን መገናኛዎች እስኪያበሩ ፍቆ ማሰር ነው ሥራው። በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ በዲናሞው ወፍራም ሽቦ ጫፍና በባትሪው ፖዘቲቭ መካከል ይለኩ። እዚህ ግን በመካከል ሬጉላተሩ ስላለ ትንሽ ልዩነት ይጠበቃል፤ ከግማሽ ቮልት የሚያልፍ ከሆነ የተበላ መገናኛ ይፈልጉ።

ከዚያ ቺንጋው። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ወደ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በታች ከተወጠረ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። ማስተካከያው በላይኛው ፑሌጃ ሁለት ግማሾች መካከል ባሉት ሮንዴላዎች ነው። ለማጥበቅ ከመካከል አንድ አውጥተው በውጭ በኩል ያደርጉታል፤ ለማላላት ተቃራኒውን። የወጣችው ሮንዴላ አትጣል፤ ከዳዶው ሥር መቆየት አለባት። ዳዶውን ሲፈቱ ፑሌጃው አብሮ እንዳይዞር በውስጠኛው ግማሽ ላይ ባለው ጥርስ ካቻቢቴ ያስገቡና በዲናሞው የላይኛው ቡሎን ላይ ያስደግፉት። ቁልፉ 21 ቁጥር ነው።

ይህም ደህና ከሆነ ካርቦኖቹን፣ ማለትም ከሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪኩን የሚቀበሉትን ቁርጥራጮች፣ ይዩ። በዲናሞው ጎን ባሉት ሁለት መስኮቶች ይታያሉ። ካርቦኑ አልቆ ከመያዣው እኩል ከሆነ፣ ወይም ምንጩ ሳይገፋው ቀርቶ ከላላ ይቀየራል። የሚሽከረከርበት መዳብ ጠቁሮ ከሆነ በጣም ለስላሳ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይበቃዋል፤ ጎድጉዶ ከሆነ ግን ወጥቶ በቶርኖ መስተካከል አለበት።

ዲናሞውን ከሬጉላተሩ ለይቶ የሚፈትን አንድ አሮጌ ዘዴ አለ። ሁለቱንም ሽቦዎች ከዲናሞው ይንቀሉ፤ ዲኤፍ የሚለውን ጫፍ በአጭር ሽቦ ከዲናሞው አካል ጋር ያገናኙ፤ ቴስተሩን በዲ+ ጫፍና በአካሉ መካከል ያድርጉ። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ዲናሞ በሞተር ዙር 1,500 ላይ ወደ 12 ቮልት፣ በ3,000 ላይ ወደ 36 ቮልት ይሰጣል። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ስለሌለ ነው። በጥቂት ሰከንዶች ጨርሰው ያጥፉት፤ ረዘም ካለ ጥቅሉ ይቃጠላል። ይህን ፈተና አለፈ ማለት ዲናሞው ሕያው ነው፤ የሚቀየረው ሬጉላተሩ ነው ማለት ነው። በእርስዎ ሞዴል ሬጉላተሩ ከኋላ ወንበር ሥር በግራ በኩል ይገኛል። ይህን ፈተና በአልተርኔተር ላይ ፈጽሞ እንዳይሞክሩት።

እንግዲህ ሁሉም ጤነኛ ሆኖ መብራቱ በመጨናነቅ ውስጥ መደብዘዙን ከቀጠለስ? ያኔ ሒሳቡ ራሱ ይመልሳል። ሁለቱ የፊት መብራቶች በዝቅተኛው 40 ዋት ናቸው፤ 80 ዋት። የኋላ መብራቶች፣ የፊት ትንንሾቹ፣ የሰሌዳውና የዳሽቦርዱ በአንድነት ወደ 25 ዋት ይደርሳሉ። ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ቦቢና ወደ 45 ዋት ይወስዳል። ዝናብ ከዘነበ መጥረጊያው ሌላ 50 ዋት ገደማ ይጨምራል። ድምሩ 200 ዋት፣ ማለትም ከ16 እስከ 17 አምፔር ነው፤ ፍሬን ሲረግጡ ደግሞ ሁለቱ የኋላ አምፖሎች 42 ዋት ይጨምራሉ። መጨናነቅ ውስጥ ደግሞ ሰው ሁልጊዜ ፍሬን ላይ ነው።

ዲናሞዎ 30 አምፔር ይሰጣል ተብሎ ተጽፎበታል። ይህን የሚሰጠው ግን በፍጥነት ሲዞር ነው፤ በሚኒሞ የሚሰጠው ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ በቆሙበት ደቂቃ ሁሉ ያ 17 አምፔር ከባትሪው ይቀዳል። ባትሪው የቮልስ መደበኛ 36 አምፔር ሰዓት ከሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ የዝናብ መጨናነቅ ግማሽ የሚጠጋውን ይበላዋል። በማግስቱ ጠዋት ያለ መብራት ረጅም መንገድ ካልነዱ ጉድለቱ አይሞላም፤ ማታ እንደገና ይቀዳል። በጉድለት ላይ ጉድለት የሚከመርበት ባትሪ ሰሌዳዎቹ ይጠነክሩና ዕድሜው ሳይደርስ ይሞታል። ባትሪዎቹን የሸጠልዎት ሰው አላታለለዎትም ይሆናል። መኪናው የተነደፈው በአውራ ጎዳና ላይ ለሚሄድ ሰው እንጂ በየመስቀለኛው ለሚቆም አልነበረም።

አልተርኔተር ይህን የሚፈታው በአሠራሩ ነው። በዲናሞ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በሚሽከረከረው ከባድ ጥቅል ላይ ሲሆን፣ የመነጨው ሁሉ በካርቦኖቹ በኩል መውጣት አለበት። በአልተርኔተር የሚመነጨው በቆመው ጥቅል ላይ ነው፤ በካርቦኖቹ የሚያልፈው ማግኔቱን የሚያነቃው ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ ካርቦኑ ለዓመታት ይቆያል፣ የሚሽከረከረው ክፍል ቀላልና ጠንካራ ነው፣ በዝቅተኛ ዙርም ይሠራል። ለቮልስ የተሠራው ባለ 55 አምፔር አልተርኔተር በሚኒሞ እንኳን ከዚያ 17 አምፔር አብዛኛውን ወይም ሁሉንም ይሸፍናል።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። መኪናው ለእሁድና ለበዓል የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ዲናሞውን ያድሱት እል ነበር፤ አዲስ ካርቦን፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ ጥሩ ሬጉላተር፣ ንጹሕ ማሳ፤ በዚህ ሌላ ብዙ ዓመት ይሠራል፤ መኪናውም እንደ ተወለደ ይቆያል። እርስዎ ግን በየቀኑ ማታ በመጨናነቅ ነው የሚነዱት። ይለውጡ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና በሚገባ መያዝ ከፍቅርም አልፎ የኪስ ጉዳይ ሆኗል። ግን ግማሽ ለውጥ አያድርጉ፤ ሙሉ ዕቃው ካልተገኘ እስኪገኝ ድረስ በታደሰ ዲናሞ ይቆዩ።

ሙሉ ዕቃ ስል ምን ማለቴ ነው? አልተርኔተሩ ራሱ፣ በመለዋወጫ ገበያ ኤኤል 82 በሚል ቁጥር የሚታወቀው፣ ሬጉላተሩ በውስጡ ያለበት። ለእሱ የተሠራው ማረፊያ፤ የዲናሞው ማረፊያ ቅርጹ የተለየ ስለሆነ ዘንጉን ከማራገቢያው ሽፋን መካከለኛ ነጥብ ያስወጣዋል። የማራገቢያው መያዣና ከኋላው ያሉት ክብ ሽፋኖች፤ የዘንጉ ርዝመት ስለሚለይ የዲናሞው አይሆኑም። የማረፊያው ማሰሪያ ቀበቶ፣ የማረፊያው ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋ። ቺንጋውን ባሮጌው ቁጥር ሳይሆን ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ለክተው ይግዙ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር አይወስዱም። ቮልስ በሜክሲኮ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ስለተመረተ እነዚህ ዕቃዎች ዛሬም አዲስ ይሠራሉ፤ ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት አንድ ሙሉ ስብስብ ማስላክ ከሁሉ የሚቀል መንገድ ሊሆን ይችላል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካገኙ ከመክፈልዎ በፊት በእጅ ያዙሩት። የሚያንሻካሽክ ድምፅ ኩሽኔታው ማለቁን ይነግርዎታል። አፍንጫዎን አስጠግተው ያሽትቱት፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ካለው ይተዉት። የዘንጉ ሁለቱም ጫፎች ጥርሳቸው ያልተበላ፣ የቁልፍ ማስገቢያቸው ያልሰፋ መሆን አለበት። የካርቦን መያዣውን ማውጣት ከቻሉ በሁለቱ የመዳብ ቀለበቶች መካከል ወደ 4 ኦም ገደማ ማንበብ አለብዎ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ በመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማሽን ላይ ሳይሞከር ገንዘብ አይስጡ። ባለ 75 ወይም ባለ 90 አምፔር ካቀረቡልዎም አይጓጉ፤ ለ20 አምፔር ፍላጎት 55 ከበቂ በላይ ነው። አልተርኔተር የሞተሩን ጉልበት ይበላል የሚለው ስጋት ደግሞ መሠረት የለውም። የሚወስደው መኪናው በተጠቀመበት ልክ ብቻ ነው። 55ቱንም አምፔር ቢጠቀሙ 770 ዋት ኤሌክትሪክ ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮ እንኳን ወደ ሁለት የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ሞተርዎ 44 የፈረስ ጉልበት አለው።

ሥራው ባትሪውን በመንቀል ይጀምራል፤ ኔጋቲቩ ይቀድማል። ካርቡራተሩ ይወርዳል፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናል። ቺንጋውና የማሰሪያው ቀበቶ ይወጣሉ፤ የማራገቢያው ትልቅ ሽፋን ቡሎኖቹ ተፈትተው ከፍ ይደረጋል፤ ዲናሞው ማራገቢያውን እንደያዘ ይወጣል። ማራገቢያውን የሚይዘው ዳዶ 36 ቁጥር ነው፤ በረጅም እጀታ እንጂ በመዶሻ አይፈታም። የማረፊያው አራት ዳዶዎች ሲፈቱ የሞተሩ ሆድ ክፍት ይሆናል፤ የዘይት መሙያውም በዚሁ ማረፊያ ላይ ነው ያለው። አንዲት ሮንዴላ ወደ ውስጥ ብትወድቅ ሞተሩ ሊከፈት ነውና ቀዳዳውን ወዲያው ይድፈኑት።

መልሶ ሲገጠም ሦስት ነገር እኔ ሳላይ ከጋራዥ መኪና አላስወጣም። በአልተርኔተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ያለው ስንጥቅ ወደ ታች ማየት አለበት፤ የአልተርኔተሩ ራሱ ማቀዝቀዣ አየር የሚያልፈው በዚያ ነው። በማራገቢያውና በሽፋኑ መካከል ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መኖር አለበት፤ የሚስተካከለው በሮንዴላ ነው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊትም ቺንጋው ሳይታሰር በእጅ ሲዞር ማራገቢያው የትም መንካት የለበትም። የአልተርኔተሩ አካል ከዲናሞው ወፍራም ስለሆነ ከካርቡራተሩና ከነዳጅ አስገቢው ቱቦ ጋር መራራቁንም ይዩ፤ በአንዳንድ ቱቦዎች ላይ ይነካካል፤ ያኔ ለአልተርኔተር የተሠራው ቱቦ ያስፈልጋል።

የሽቦው ሥራ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ሬጉላተሩ ላይ አራት ዓይነት ጫፍ አለ። ከዲናሞው የሚመጣው ወፍራም ቀይ በዲ+፣ ከዲናሞው የሚመጣው ቀጭን አረንጓዴ በዲኤፍ፣ ወደ ባትሪና ወደ ፊት የሚሄዱት ወፍራም ቀዮች በቢ+፣ ወደ ዳሽቦርዱ ቀይ መብራት የሚሄደው ቀጭን ሰማያዊ በ61። ሬጉላተሩ ይወጣል። ወፍራሞቹ ሁሉ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ቀጭኖቹ ሁለቱ እርስ በርስ ይገናኛሉ። በሞተሩ በኩል ወፍራሙ በአልተርኔተሩ ቢ+ ላይ፣ ቀጭኑ በዲ+ ላይ ይታሰራል። ቀለሙን ግን አይመኑ፤ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ማን ምን ሽቦ እንደቀየረ አይታወቅምና ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ይከተሉት። አሮጌው ወፍራም ሽቦ የታሰበው ለ30 አምፔር ነው፤ ከአልተርኔተሩ ቢ+ ወደ ሞተሪኖው ወፍራም የባትሪ ቡሎን አዲስ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይዘርጉለት። መገናኛዎቹ በጥብቅ ተጨፍልቀው በሚገባ ይሸፈኑ፤ በጥርስ ተልጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ እዚህ ቦታ የለውም።

ቀዩ የቻርጅ አምፖል አሁን ከማስጠንቀቂያነት ሌላ ሥራ አለው። ቁልፍ ሲከፍቱ አልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ በዚያ አምፖል ክር በኩል ነው የሚያልፈው። አምፖሉ ከተቃጠለ አልተርኔተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ላይነሳ ይችላል። የዳሽቦርድ አምፖሎችን በኤልኢዲ የሚለውጡ ከሆነ ይህን አንዱን ባለ ክር አድርገው ይተዉት።

የዲናሞ ዘመን ልማድ ያላቸውን መካኒኮች በጣም አከብራለሁ፤ እኛን ያስተማሩን እነሱ ናቸው። አንድ ልማዳቸው ግን አልተርኔተር ይገድላል። ዲናሞ ከተገጠመ በኋላ ከባትሪ ሽቦ አስነክቶ ማግኔቱን አቅጣጫ ማስያዝ ትክክል ነው፤ በአልተርኔተር ላይ ይህን ማድረግ በውስጡ ያሉትን ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) በቅጽበት ያቃጥላል። ሞተሩ እየሠራ «ቻርጅ ያደርግ እንደሆነ እንይ» ብሎ የባትሪ ጫፍ መንቀልም እንዲሁ። የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገለባብጦ ሲታሰርም፣ መኪናው ላይ ብየዳ ሲሠራ አልተርኔተሩ ሳይነቀልም ውጤቱ ያው ነው። ሥራውን ለሚሠራልዎት ሰው ይህን በአክብሮት አስቀድመው ይንገሩት። ጨርሶ ባዶ የሆነ ባትሪም በአልተርኔተሩ አይሞላ፤ በቻርጀር ቀስ ብሎ፣ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ በሆነ አምፔር፣ ሌሊቱን ይሙላ።

ለመብራቱ ድምቀት ደግሞ አልተርኔተሩ ብቻውን አይበቃም። የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ ከኋላ ተነስቶ በረጅም ሽቦ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው ማብሪያና በፊውዝ ሳጥኑ አልፎ ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። የፊውዞቹ መያዣ ነሐሶች ከጠቆሩ አንድ ሙሉ ቮልት በመንገድ ይቀራል። አምፖሉ ላይ ይለኩ፤ ባትሪው 14 እያለ አምፖሉ 12 ካነበበ የሚያስፈልግዎ ሁለት ሪሌና ሁለት ሜትር ሽቦ ነው። ይህ ከአልተርኔተሩ በጣም የሚረክስና ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይበልጥ የሚታይ ሥራ ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው ቢሠሩት አልቃወምም። ነጮቹ ፊውዞች 8 አምፔር፣ ቀዮቹ 16 አምፔር ናቸው፤ በቆርቆሮ የተጠቀለለ ፊውዝ ካገኙ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ ያለው ባትሪ መሸፈኛው ካለ ይዩ። የወንበሩ ምንጮች ብረት ናቸው፤ ሰው ሲቀመጥበት ወርደው የባትሪውን ፖዘቲቭ ከነኩ ወንበሩ ውስጥ ያለው ደረቅ ሙሌት ይቀጣጠላል። በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች ጥቂት አይደሉም። ከፍ ያለ አዲስ ባትሪ በተገዛ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ሁለት ባትሪ ቀይረዋልና አሁን ያለው ቁመቱ ከመጀመሪያው ይበልጥ እንደሆነ ዛሬ ማታ ወንበሩን አንስተው ይመልከቱ፤ መሸፈኛ ከሌለ ወፍራም ጎማ ቆርጠው ያልብሱት።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ባለቤቶች፣ መኪናችሁ ከእ.ኤ.አ. 1968 ሞዴል በፊት ከሆነ ባለ 6 ቮልት ሊሆን ይችላልና አምፖሉ ላይ የተጻፈውን እዩ። ከ6 ወደ 12 ቮልት መሻገር አምፖሎቹን፣ ቦቢናውን፣ የመጥረጊያውን ሞተር፣ ክላክሱን፣ የፍሬቻውን ሪሌ ሁሉ ይነካል፤ ቮላኖውና ሞተሪኖውም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። እዚህ የጻፍኩት ለዚያ አይሠራም።

ጠያቂያችን ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አራት ቁጥር ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የባትሪው ቮልት፣ በ2,000 ዙር መብራት ጠፍቶና በርቶ ያለው ቮልት፣ እንዲሁም በባትሪው ኔጋቲቭና በዲናሞው አካል መካከል ያነበቡት። ከእነሱ ተነስተን ማሰሪያ ብቻ ይቀየር ወይስ ሙሉው ዕቃ ይፈለግ የሚለውን በእርግጠኝነት እንወስናለን።